የሽቦ አልባ መገናኛ ዕድሜ በባትሪው ይለካል

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የሚገኝ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን፣ ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ሊያገኝ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ ሽቦ አልባ የራዲዮ መሣሪያ ነው። መስመሩ በደረሰበት ከተማ ዳር አንድ መሣሪያ ይተከላል፤ በቀበሌው ኮረብታ ላይ ሁለተኛው ይቆማል፤ ሁለቱ በመካከላቸው ጋራ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሳይኖር ፊት ለፊት እስከተያዩ ድረስ ገመድ ሳይዘረጋ ይነጋገራሉ። የእህል ገበያ ዋጋ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ትእዛዝ፣ ከጤና ኬላ ወደ ሆስፒታል የሚላክ መልእክትና የተማሪዎች ትምህርት በዚሁ መንገድ ሊመላለስ ይችላል።

ስለዚህ ዓይነት ሥራ በስብሰባ ላይ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ይደርሳል?» የሚል ነው። ርቀቱ ግን እንደሚገመተው አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ የተባሉ መምህርና የሥራ ጓደኞቻቸው በቬኔዙዌላ በሁለት ተራሮች ላይ የተተከሉ የዋይፋይ መሣሪያዎችን በ382 ኪሎ ሜትር ርቀት አነጋግረዋል። ቀበሌን ከወረዳ ከተማ ለማገናኘት የዚህን አሥረኛ የሚያህል ርቀት መሸፈን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ስለሆነም በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ኮረብታው ላይ የቆመው መሣሪያ ሌሊቱን ሙሉና ክረምቱን ሙሉ ኃይል ከየት ያገኛል የሚለው ነው።

ራዲዮው ራሱ የሚሽከረከርም ሆነ የሚፋተግ አካል የለውም። በሚገባ ከተተከለና ከመብረቅ ከተጠበቀ ለዓመታት ሳይነካ ይሠራል። በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ ግን በየቀኑ ይሠራል፣ በየቀኑ ይደክማል፤ ካልተጠበቀም በአንድ ወይም በሁለት ክረምት ውስጥ ያልቃል። ባትሪው ሲሞት ራዲዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ መገናኛው ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት የባትሪው ምርጫ፣ አያያዝና መተኪያ ለቴክኒሻን ብቻ የሚተው ሳይሆን የማኅበር አመራር ኮሚቴ ተወያይቶ ሊወስንበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የማንኮሲ ነዋሪዎች ሥራ

በዚህ ረገድ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ቅርብ የሆነ ምሳሌ የሚገኘው በደቡብ አፍሪካ፣ ኢስተርን ኬፕ በተባለው ክፍለ ሀገር ነው። በዚያ ማንኮሲ የሚባል፣ ብዙ መንደሮችን ያቀፈ የገጠር አካባቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከነዋሪዎቹና ከአካባቢው ባህላዊ አስተዳደር ጋር ተመካክረው በመንደሮቹ ውስጥ ሽቦ አልባ መረብ ዘረጉ። አብዛኛው ቤት የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረው መሣሪያዎቹ የተተከሉት በተመረጡ ሰዎች ቤት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ነበረው። የተከሉትም የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ።

የተጠቀሙበት መሣሪያ «ሜሽ ፖቴቶ» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ የመረብ ድንች እንደ ማለት ነው። ስሙ ቢያስቅም ሥራው ቁም ነገር ነበር። አንዱ ሣጥን የራሱን ጥሪ ከመላኩ ሌላ የጎረቤቱን ጥሪ ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ያሳልፍ ነበር። ይህ ማለት አንዱ ጣቢያ ባትሪው ባዶ ሲሆን ጉዳቱ በዚያ ቤት ላይ ብቻ አይቀርም፤ በእርሱ በኩል ያልፍ የነበረው የጎረቤት ጥሪም ሌላ መንገድ ካላገኘ ይቆማል።

ነዋሪዎቹ ይህንኑ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 በኅብረት ሥራ ማኅበርነት አስመዘገቡት። ስሙንም «ዜንዜሌኒ» አሉት፤ በኮሳ ቋንቋ «ራሳችሁ ሥሩት» ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከአገሪቱ የመገናኛ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ከፈቃድ ነፃ የሚያደርግ ማስረጃ ተቀበሉ። ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ገቢ ከየት እንደመጣ ማወቁ ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበው የነዋሪዎችን የሞባይል ቀፎ በጣቢያዎቹ ባትሪ ቻርጅ በማድረግ ነበር። መገናኛውን እንዲመግብ የተተከለው ባትሪ ገንዘብ አምጪም ሆነ ማለት ነው።

ይህ አሠራር በብዙ ቦታ ሊቀዳ የሚገባው ነው። ሆኖም እንዳለ ከተቀዳ ችግር ያመጣል። ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ከግዢ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

አንድ በምሰሶ ላይ የሚሰቀል አነስተኛ የራዲዮ መሣሪያ ከ5 እስከ 8 ዋት ይወስዳል። ትክክለኛው ቁጥር ከመሣሪያው ጀርባ ወይም ከመመሪያው ላይ ይገኛል። ለምሳሌ 6 ዋት ነው እንበል። መሣሪያው 24 ሰዓት ስለሚሠራ 6 በ24 ሲባዛ በቀን 144 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው ባለ 12 ቮልት ከሆነ 144 ለ12 ሲካፈል 12 አምፔር ሰዓት ይመጣል። ይህ የአንድ ቀን ቀለቡ ነው።

ፀሐይ በደመና የምትሸፈንባቸው ቀናት ስላሉ ቢያንስ የ3 ቀን ስንቅ መያዝ ይገባል፤ 36 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ባለ 36 ወይም ባለ 40 ባትሪ ገዝተው ይሄዳሉ። ነገር ግን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከያዘው ኃይል ግማሹ ብቻ ሊወሰድለት ይገባል። ከዚያ በታች በየቀኑ ከተራቆተ ዕድሜው በጣም ያጥራል። ነገሩ እንደ እርሻ በሬ ነው፤ ግማሽ ቀን የተጠመደ በሬ ለዓመታት ያርሳል፣ ጧት ተጠምዶ እስኪመሽ የተነዳ ግን ከክረምቱ አይወጣም። ስለሆነም 36ን በእጥፍ ስንወስድ 72 ይሆናል። ባትሪ እያረጀ ሲሄድ መያዝ የሚችለው ስለሚቀንስ ባለ 100 አምፔር ሰዓት መግዛቱ ይመረጣል።

የፀሐይ ሰሌዳው መጠን የሚሰላው በጥሩው ወር ሳይሆን በመጥፎው ወር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሰማይ አይቶ ሰሌዳ የገዛ ማኅበር ሐምሌ ላይ ይቸገራል። በደመናማ ወቅት ከቀኑ ብርሃን የሚገኘው ሁሉ ተደምሮ የ3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ያህላል ብሎ ማስላት ከችግር ያድናል። 144 ለ3 ሲካፈል 48 ዋት ነው። በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪው ውስጥ ከሚጠፋው 30 በመቶ ጋር ሲታሰብ 70 ዋት ገደማ ይሆናል። በገበያ ላይ የሚገኘው ባለ 80 ወይም ባለ 100 ዋት ነው፤ ባለ 100ው ይሻላል።

ይህ ሒሳብ ለአንድ ራዲዮ ነው። ኮረብታ ላይ የሚቆም ማቀባበያ ጣቢያ ግን አንዱ ወደ ከተማ፣ ሌላው ወደ መንደር የሚያይ ሁለት ራዲዮ ይኖረዋል፤ ስለዚህ ባትሪውም ሰሌዳውም እጥፍ ይሆናሉ። የመጨረሻው ጣቢያ ቀን ቀን ብቻ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ከሆነ ሌሊት የሚያጠፋ የሰዓት መቆጣጠሪያ አስገብቶ ቀለቡን በግማሽ መቀነስ ይቻላል። ማቀባበያውን ግን እንዲሁ ማጥፋት አይገባም፤ ከበስተኋላው ያለው ጤና ኬላ ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ሊገጥመው ይችላል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ ባትሪ ከነኢንቨርተር ያቀርባሉ። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ለቴሌቪዥን ወይም ለኮምፒዩተር ማተሚያ ያገለግላል። ለራዲዮው ግን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ራዲዮው የሚፈልገው እንደ ባትሪው ያለ ቀጥተኛ ኃይል ስለሆነ 12ን ወደ 220 ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ በራዲዮው አዳፕተር እንደገና ወደ 24 ማውረድ ውኃን ወደ ኮረብታ ቀድቶ መልሶ እንደ ማፍሰስ ነው። ከዚህም ሌላ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራበት ለራሱ ብቻ 8 ዋት ቢበላ በ24 ሰዓት 192 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ይህም ከራዲዮው 144 ይበልጣል። የሦስት ቀን ስንቅ ነው የተባለው ባትሪ አንድ ቀን ተኩል እንኳ አይሞላውም።

ስለዚህ ኃይሉ ከባትሪው በቀጥታ መወሰድ አለበት። ይህ የሚሆነው መረጃ በሚያመላልሰው በዚያው የኔትዎርክ ገመድ ነው። ገመዱ ከታች ኃይል ይዞ ይወጣል፣ መልእክትም ያመላልሳል። በዚህ ጊዜ የገመዱ ርዝመት ይታይ። 30 ሜትር በሆነ የኔትዎርክ ገመድ፣ ሁለት ጥንድ ሽቦዎች ለኃይል ሲውሉ፣ ደርሶ መልሱ 2.5 ኦም ያህል ይቃወማል። 6 ዋት የሚወስድ ራዲዮ በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ይስባልና በመንገድ ላይ 1.25 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው 11.8 ላይ ሲደርስ ላይ ያለው ራዲዮ የሚያገኘው 10.5 ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ ራዲዮ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ሰው «ኔትዎርኩ ተበላሸ» ይላል እንጂ ጥፋቱ የገመዱ ርዝመት ነው። መፍትሔው የባትሪውን ሣጥን ከምሰሶው ሥር ማስቀመጥ፣ ካልተቻለም 12ን ወደ 24 የሚያሳድግ ትንሽ መሣሪያ ከታች ማስገባት ነው። በ24 ቮልት የሚጠፋው በግማሽ ይቀንሳል።

አንዳንዱ ራዲዮ 24 ቮልት፣ አንዳንዱ 48 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ለ24 በተሠራው ላይ 48 መስደድ በአንዲት ደቂቃ ማቃጠል ነው። ጽሑፉን ሳያነቡ ማገናኘት አይገባም።

የቀፎውና የራዲዮው ድርሻ

አሁን ወደ ማንኮሲው አሠራር እንመለስ። መረቡ በተተከለበት ጊዜ በገጠር የሚበዛው ባለ ቁልፍ ቀፎ ነበር። የእንዲህ ያለው ቀፎ ባትሪ ትንሽ ነው፤ አንዱን ለመሙላት ከትልቁ ባትሪ 5 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። አሥር ቀፎ 50 ይወስዳል። ይህም ከአንድ ራዲዮ የቀን ቀለብ ሲሶ ያህል ነው።

ዛሬ ግን በየመንደሩ ስማርት ስልክ ገብቷል። ባለ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ፣ በመንገድ የሚጠፋው ተጨምሮ፣ 25 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አሥሩ 250 ናቸው። አሥር ስማርት ስልክ በአንድ ቀን የሚበላው ራዲዮው በአንድ ቀን ተኩል ከሚበላው ይበልጣል ማለት ነው። ጣቢያውን ለአንድ ራዲዮ ብቻ አስልቶ የገዛ ማኅበር፣ ገቢ ለማግኘት ብሎ ባትሪውን ለሕዝብ ስልክ ቢከፍተው፣ ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ እየገባ መገናኛው በየሌሊቱ ይጠፋል። ቀጥሎም ባትሪው ይሞታል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለአዲስ ባትሪ አይበቃም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አባላቱ «ባትሪው የማኅበራችን ነው፤ ስልካችንን ብንሞላበት ምናለበት?» ቢሉ እውነት አላቸው። ኮሚቴው ደግሞ ከልክሎ ብቻ ቢቀር ለመተኪያ የሚሆን ገንዘብ አያገኝም። ስለሆነም ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የተሻለው መንገድ ለስልክ መሙያ ሌላ ሰሌዳና ሌላ ባትሪ ማቆም፣ የራዲዮውንም ሣጥን ቆልፎ መተው ነው። አቅም ለሌለው ማኅበር ደግሞ ሰሌዳውን ብቻ አሳድጎ፣ ስልክ የሚሞላው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ ሰሌዳውን በምትመታበት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። በእነዚህ ሰዓቶች ስልኮቹ የሚበሉት ከሰሌዳው በቀጥታ የሚመጣውን ስለሚሆን ለሌሊት የተቀመጠው አይነካም። ደመና በሆነ ቀን ስልክ አይሞላም። ይህ በውስጥ ደንብ ተጽፎ በጠቅላላ ጉባዔ ቢጸድቅ፣ ደመና በሆነ ቀን «አይሆንም» የሚለው ደንቡ ይሆናል እንጂ ዘበኛው ከጎረቤቱ ጋር አይጣላም።

ከስልክ የከፋው ቴሌቪዥን ነው። 40 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ቢከፈት 160 ዋት ሰዓት ይበላል። ኳስ ባለበት ምሽት፣ ሠርግ ባለበት ቀን «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ተብሎ የሚወጣ ባትሪ በማግሥቱ ባዶውን ይመለሳል። ባዶውን ጥቂት ቀን የተቀመጠ የአሲድ ባትሪ ውስጡ ይደርቅበታል፤ እንደገና ቢሞላም እንደ ድሮው አይይዝም። በብድር የሚወጣ ባትሪ እንዳይኖር መወሰን የመሪዎች ፈንታ ነው፤ ብድሩን የሚጠይቀው ሰው የኮሚቴ አባል ቢሆንም እንኳ።

ገንዘቡስ? ለምሳሌ ባትሪው በ12,000 ብር ቢገዛና 4 ዓመት ያገለግላል ቢባል፣ 12,000 ለ48 ወር ሲካፈል በወር 250 ብር ይደርሳል። ዋጋ ስለሚጨምር ከዚያ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ይህ ገንዘብ ከስልክ መሙያ ገቢ በየወሩ ተለይቶ በማኅበሩ ስም ባንክ ይገባል፤ ለሌላ ሥራ አይነካም። የወፍጮ ወይም የውኃ ፓምፕ ኮሚቴ የመሩ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ ያልተቀመጠለት ፓምፕ ምን እንደሚሆን አይተዋል።

ክረምትና ደጋ

ሰሌዳ ሲተከል የአገሩ አቀማመጥ ይታያል። ማንኮሲ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሚገኝ የዚያ ሰሌዳ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። ኢትዮጵያ ከወገቡ በስተሰሜን ስለሆነች የእኛ ወደ ደቡብ መዞር አለበት። ፀሐይ በአገራችን አናት ላይ ስለምታልፍ፣ በሰኔ ወርም ወደ ሰሜን ስለምትጠጋ፣ ማዘንበሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። ይህ ያህል ማዘንበል ዝናቡ አቧራውን ይዞ እንዲወርድም ይረዳል። በበጋ ግን ዝናብ ስለሌለ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። የዛፍ ጥላም አይናቅ፤ በሰሌዳው አንድ ጥግ ላይ ያረፈ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ ከሚሸፍነው ስፍራ በላይ ኃይል ይቀንሳል።

ፀሐይ ብቻ በማይበቃባቸው ቦታዎች ሌሎች ነፋስን ጨምረዋል። በኔፓል ናንጊ በተባለ ተራራማ መንደር፣ ማሐቢር ፑን የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ የጀመሩት የሽቦ አልባ ሥራ፣ በተራራ ጫፍ ያሉ ማቀባበያዎቹን በፀሐይና በነፋስ ኃይል ይመግብ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ማቀባበያዎች የተሰቀለው በዛፍ ላይ ነበር። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን አግኝተዋል። ነፋስ የሚሽከረከር አካል ስላለው ጥገናው ይበዛል፤ በመሆኑም ሰሌዳ መጨመር የሚቻል ከሆነ እርሱን ማስቀደም ይሻላል።

በአሁኑ ጊዜ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባል ባትሪ በገበያ ላይ አለ። ከያዘው 80 በመቶ ሊወሰድለት ስለሚችል፣ ከላይ ለተሰላው 36 አምፔር ሰዓት ባለ 50ው ይበቃል። ቀላል ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ከአሲዱ ይበልጣል፤ ቻርጅ ኮንትሮለሩም ለእርሱ የተስተካከለ መሆን አለበት። ውርጭ በሚወርድባቸው የደጋ አገሮች ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ ቢደረግ ይጎዳል። ስለዚህ ሣጥኑ ከቤት ውስጥ ወይም በአፈር ግድግዳ ተከልሎ ይቀመጥ። የአሲዱን ባትሪ በአንጻሩ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በቆላ ፀሐይ ላይ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ማብሰል ነው።

ቁልፉ በማን እጅ?

ባትሪው አንድ ኃላፊ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም የሚይዘው ንብረት ማንም አይጠብቀውም። ኃላፊው ብዙ የተማረ መሆን አያስፈልገውም። ቁጥር ማንበብና መጻፍ፣ ቴስተር መያዝ ከቻለ ይበቃል። በየቀኑ ጧት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ከማረፏ በፊት የባትሪውን ቮልት ለክቶ በደብተር ይጽፋል። የአሲድ ባትሪ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ጧት ጧት ቁጥሩ ከ12.2 በታች እየሆነ ከመጣ፣ ወይ የሚበላው በዝቷል፣ ወይ ሰሌዳው ቆሽሿል፣ ወይ ባትሪው አርጅቷል። ደብተሩ በየወሩ ለተቆጣጣሪ ኮሚቴ ቢቀርብ፣ ባትሪው ከመሞቱ ብዙ ሳምንት በፊት ይታወቃል። ቻርጅ ኮንትሮለሩም ባትሪው ሲጎድል ራዲዮውን በራሱ የሚያጠፋ ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜ «እናልፈው» ብሎ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት አንድ ሌሊት ለማትረፍ አንድ ዓመት ማጥፋት ነው።

የሚከፈት ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ኃላፊው በየወሩ ውኃውን ያያል። የሚጨመረው ከሱቅ የሚገዛው የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስላለው ባትሪውን ያበላሻል። አሲድ አይጨመርም። ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው ሣጥኑ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው፤ ኩራዝ ወይም ሲጋራ አይጠጋው። ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ያለ ፊውዝ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ቤት ያቃጥላሉ። ኮረብታ ላይ ያለ የብረት ምሰሶ የመብረቅ መውረጃ ሽቦ ወደ መሬት ሊኖረው ይገባል።

በአገራችን የመገናኛ አገልግሎት የሚመራው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን፣ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማንኛውም ማኅበር ራዲዮ ከመግዛቱ በፊት ለምን ሥራ፣ ከየት እስከ የት እንደሚያገናኝ በጽሑፍ አቅርቦ መጠየቅ ይገባዋል። የማንኮሲ ሰዎችም ወደ ገበያ የገቡት ማስረጃቸውን ይዘው ነው። አገልግሎቱን ለሌላ ሰው መሸጥና ለራስ መጋዘንና ቢሮ መገናኛ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ጥያቄው ላይ በግልጽ መለየት አለባቸው።

የሞተ ባትሪ ውስጥ እርሳስና አሲድ አለ። አሲዱን በማሳ ወይም በወንዝ ዳር መድፋት፣ እርሳሱን በግቢ አቅልጦ ለሌላ ሥራ ማዋል በተለይ ሕፃናትን ይመርዛል። አዲሱ ባትሪ ሲገዛ አሮጌው ሳይከፈት፣ አሲዱ ሳይፈስ፣ ቀጥ ብሎ ተጭኖ አሮጌ ባትሪ ለሚረከብ ነጋዴ ይሰጥ። ከአዲሱም ዋጋ ላይ የሚታሰብ ነገር ካለ በደረሰኝ ተይዞ ለባትሪ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ይግባ።